በሐዘን ቤት የተከፈተ ቴሌቪዥን

ታናሽ እህቴና ባሏ ሞጣ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። እሱ ከውስጥ ተቀምጦ ሞባይልና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ እሷ ከፊት ባንኮኒው ላይ ኮምፒውተር አድርጋ በሰው ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ፊልምና ዘፈን ትጭናለች። እኔ የምኖረው ቢቸና ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያው አልተነቃነቅኩም። ፊልም የማየት ልማድ አልነበረኝም። እነሱ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር የማላውቀው አገር የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ስልካቸውን ያያሉ። ኔትወርክ ካለ አዲስ የሚወጣው ፊልም ማስታወቂያ፣ አዲስ የመጣው ስልክ ካሜራ፣ የትኛው ዘፋኝ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ይኸ ሁሉ ከቁርስ በፊት ይታወቃል። ኔትወርክ በሌለ ጊዜ፣ ያ ጊዜ ደግሞ እኛ ዘንድ ረጅም ነበር፣ ከባሕር ዳር በሚመጣ ሚኒባስ ፍላሽ ይላክላቸዋል። መንገድ ከተዘጋ ያዩትን መልሰው ያያሉ። አይሰለቻቸውም። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይጨነቁም፤ እሱ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቅሎ ከባትሪ ጋር አገናኝቷል። ሰፈሩ በሻማ ሲቀመጥ እነሱ ቤት መስኮቱ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል።

እህቴ የደንበኞቿን ጠባይ አንድ በአንድ ታውቃለች። ፈረስ የሌለበትን ፊልም የማያይ አንድ ገበሬ ነበራት። ቡጢ ያለበትን ብቻ የሚመርጥ ዲያቆን ነበር፤ «ደም ግን አይብዛበት» ይላታል። ያልወደደችውን ፊልም ሰው ቢጠይቃት «ይሄ ጊዜህን ያቃጥልብሃል» ብላ ሌላ ትጭንለታለች። ባሏ በዚህ ይስቅባት ነበር። «ነጋዴ አይደለችም፣ የነፍስ አባት ናት» ይላል።

እሱም ቢሆን ያው ነው። የተበላሹ ሪሞቶችን በካርቶን ያጠራቅማል፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። መጀመሪያ የገዛትን ሞባይል እንደ ዳዊት በቆዳ ማኅደር አድርጎ ሰቅሏታል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደግሞ ፊቱን የሸፈነ፣ ካባ የለበሰ የፕላስቲክ ሰው አቁሟል። አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው ጠበል ሊረጩ መጥተው አዩት።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉት።

«አባ፣ በፊልም ውስጥ ያለ ሰው ነው። ማታ ማታ እየዞረ የተበደለ ይረዳል።»

«በጎ አድራጊ ከሆነ ፊቱን ለምን ይሸፍናል?»

«ውዳሴ ከንቱ ስለማይወድ ነው፣ አባ።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡና «መልካም ነው» ብለው እሱንም ጠበል ረጩት። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ሳቋን መጨረስ አቅቷት ነበር።

በእኔም ስቀዋል። ቢቸና ሊጠይቁኝ መጥተው ምሳ ስንበላ፣ «ሰውዬው እኮ ትናንት ሞተ» አላት። «እንዲያ ለፍቶ!» አለች እሷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሚስቱ ገና አልሰማችም፤ ስትሰማ አትተርፍም።» እኔ የምናውቀው ሰው መስሎኝ እጄን ከገበታው ሰበሰብኩና «ቀብሩ መቼ ነው?» አልኳቸው። ሁለቱም ተያዩና እስኪያስላቸው ሳቁ። ለካ የተከታታይ ፊልም ሰው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር እህቴ ስልክ ላይ «የእውነት ነው፣ እትዬ፤ ነጠላሽን ልበሺ» ትለኝ ጀመር።

በመካከላቸው አንድ ሕግ ነበራቸው። አንዱ ሌላውን ጥሎ የተከታታይ ፊልም ክፍል ቀድሞ ማየት አይችልም። እንደ ጾም ነው የሚጠብቁት። አንድ ጊዜ እሱ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሰርቆ አየ። ማታ አብረው ሲያዩት፣ ሰው ሁሉ የሚደነግጥበት ቦታ ላይ አልደነገጠም። እህቴ ፊልሙን አቆመችና ፊቱን አየችው። «አይተኸዋል» አለች። ለቀናት አላነጋገረችውም። እኔ ይህን ስሰማ የልጅ ነገር ነው ብዬ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አልልም።

ክረምቱ ሲያልቅ ታመመች፤ መስቀልን አላለፈችም።

ስለ ሕመሟ ብዙ አልጽፍም። ስትተኛ አንድ ረጅም ተከታታይ ፊልም ጀምረው ነበር፤ ከውጭ አገር የመጣ፣ በአማርኛ የተተረጎመ። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች አልደረሷቸውም፤ ኔትወርክም መንገድም አልነበረም። የባሕር ዳሩን ሾፌር ሳትታክት ስትጠይቅ ነበር የሰነበተችው።

ከቀብር እንደተመለስን ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነጠላ የጣልኩበት እኔ ነኝ። በእኛ አገር የሐዘን ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ዘፈን አይሰማም፤ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ። ጎረቤት እንኳ ድምፁን ይቀንሳል። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ተነሣ፤ ሴት ልጃቸውም ከሥራዋ የተሰጣት ፈቃድ አልቆ ሐዋሳ ተመለሰች። እኔ እስከ አርባው ልቆይ ብዬ ቀረሁ።

የእህቴ ባል ዝም አለ። እህቴ «ሲተኛም ያወራል» የምትለው ሰው፣ ለቅሶ ደራሽ «እግዜር ያጥናህ» ሲለው አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል። ሱቁን አልከፈተም። ምግብ ሳቀርብለት አንድ ጉርሻ አድርጎ እጁን ይታጠባል። ቀበቶው መያዣ አጥቶ በሚስማር ሌላ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት። ከማዶ ያለችው ጎረቤታቸው፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ሙስሊም ሴት፣ በየቀኑ ዳቦና ሙዝ ታመጣለች። አንድ ቀን በር ላይ ይዛኝ፣ «እትዬ፣ የሞተችውን ስታለቅሱ ያለው እንዳያመልጣችሁ» አለችኝ።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ሾፌሩ መጣ። መሞቷን የሰማው ሞጣ ሲደርስ ነው። በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ያዘዘችኝ ነበር፤ ምን ላድርገው?» አለ። ፍላሽ ነው። የእህቴ ባል ተቀብሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያናግረው እጁ ወደዚያ ኪስ ይሄዳል። እኔ ብዙ አልጠይቅም፤ ይህን ግን ጠየቅኩት።

«ኪስህ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም የሌለበት ኪስ እንዲህ አይዳበስም።»

አወጣና አሳየኝ። «የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ናቸው።»

«አርባዋ ሲወጣ ታየዋለህ።»

«ከአርባውም በኋላ አላየውም፣ እትዬ። ብቻዬን?»

እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ። ሽንኩርት እየላጥኩ ብዙ አሰብኩ። ነውር የሚባለውን አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ጠብቄዋለሁ። ስመለስ እንደተቀመጠ ነበር።

«የገበያ ዕለት ክፈተው» አልኩት። «አብሬህ አያለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ?»

«ዓይን አለኝ።»

«ከመጀመሪያው ሳያዩ?» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። ከቀብሩ ወዲህ ፊቱ ላይ ከሐዘን ሌላ ነገር ያየሁት ያኔ ነው።

የገበያን ዕለት የመረጥነው ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ስለሚወጣ ቤቱ ጭር ይላል ብለን ነው። እሱ የከተማ ልጅ ነው፤ ይሳሳት። እኔ ግን መዝገብ ቤት የኖርኩ ሴት ነኝ። የገጠር ሰው ጉዳዩን በሙሉ በገበያ ቀን አጥፎ እንደሚጨርስ፣ ከክስ እስከ ወፍጮ፣ ከወፍጮ እስከ ለቅሶ፣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ በሩን ዘጋን። ነጠላውን አነሣሁ፣ አጥፌም ወንበር ላይ አኖርኩት። ቴሌቪዥኑን አዞረው። ድምፅ ውጭ እንዳይሰማ፣ ገመድ የሌላቸው፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ማዳመጫዎች አወጣና አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሁለተኛውን በራሱ ጆሮ ከተተ። የሰጠኝ የእህቴ እንደነበር አልነገረኝም። ሶፋው ጥግ ላይ የጎደጎደውን የሷን ቦታ ትቼ ከአጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ በር ይዘጋሉ። ማን የማን እንደሆነ አልገባኝም። ሁሉም ያማሩ ናቸው፣ ሁሉም ተቆጥተዋል። እሱ ጉልበቱን በእጁ ጨብጦ ያያል። አንዲት ወጣት ልጅ ሆስፒታል ውስጥ እናቷ አልጋ ላይ ስትደፋ፣ ድንገት ከጆሮዬ ድምፁ ጠፋ።

«ባትሪው አለቀ መሰለኝ» አለና ማዳመጫውን አውልቆ ያገላብጠው ጀመር።

ባትሪው አላለቀም። በረንዳው ላይ የዕድራቸው ትልቁ ስፒከር ነበር። እህቴ ከመታመሟ በፊት ባሏ ጠግኖት፣ ሲጨርስም ከዚሁ ቴሌቪዥን ጋር በብሉቱዝ አገናኝቶ ሞክሮት ኖሯል። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ሊወስደው መጥቶ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ቁልፉን ይጫነዋል። ስፒከሩም የሚያውቀውን ቴሌቪዥን ድምፅ ከእኛ ጆሮ ነጥቆ ወሰደ።

«እማ! እማዬ! ለማን ጥለሽኝ ትሄጃለሽ!»

የልጅቱ ልቅሶ ከበረንዳው ወጥቶ መንገዱን ሞላው። በዚያች ቅጽበት በአጥሩ በር የሚገቡ ከዘመዶቻችን አገር ከጉንደ ወይን የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ገበያቸውን ጨርሰው፣ እርም ሊያወጡ። ከፊት የምትመራቸው አክስታችን ናት፣ የእናታችን ታናሽ። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲህ እያለቀሰ ሲሰሙ ምን ያድርጉ? የያዙትን ጨውና ሳሙና መሬት ጥለው ነጠላቸውን አሸረጡና ተቀበሏት።

«ወየው! ወየው እህቴ!»

«ወየው ለልጅሽ! ወየው ለቤትሽ!»

ደረት ሲመታ ይሰማኛል። ስፒከሩ ውስጥ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ ደጅ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እሷ ስትጨምር እነሱ ይጨምራሉ። የእህቴ ባል ሪሞቱን ይፈልጋል፤ ሪሞቱ ደግሞ ከእነዚያ ከተበላሹት ጋር ተቀላቅሎ የትኛው እንደሆነ ጠፋው። አንዱን አንሥቶ ይጫናል፣ ይጥላል፣ ሌላ ያነሣል። በመጨረሻ ልጅቱ ዝም አለች፤ ሙዚቃ ገባ፤ ከዚያም አንድ ደስተኛ ወንድ ጮክ ብሎ፣ «ቤተሰብ! ላይክ እና ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ!» አለ።

ደጅ ያለው ልቅሶ ቆመ።

«ምን አለ?» አለች አንዷ።

የዕድሩ ሰው ስፒከሩን ያጠፋው ያኔ ነው። ሰውየው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። አክስቴ በሩን ገፍታ ገባች። ቴሌቪዥኑን አየች፤ ወንበሩ ላይ የታጠፈውን ነጠላ አየች፤ ከዚያ እሱን።

«አንተ! አፈሯ ሳይደርቅ!»

እሱ ያችን የባቄላ ፍሬ በጣቱ ይዞ ቆመ።

«ለሚስትህ አርባ ቀን መታገሥ አቃተህ? ጉንደ ወይን ስሄድ ምን ብዬ ልናገር? ባሏ ሲኒማ ቤት ከፍቷል ልበል? እኛ ደረታችንን ስንመታ፣ ለ... ለማን ነው የመታነው? ለማን ነው ያለቀስኩት እኔ?»

«አክስቴ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

«አልቀመጥም!»

«ክፈተው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወደ እኔ ዞረች። ከእሱ ይልቅ በእኔ የደነገጠች ይመስለኛል።

«አንቺ? ባልሽ ሲሞት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ያልከፈትሽው አንቺ?»

«አዎ፣ አልከፈትኩም።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ያን ዓመት እንዴት እንደከረምኩት ማንም አልጠየቀኝም።»

እንደዚህ ልናገር አላሰብኩም ነበር። የገጠር ሴቶቹ በሩ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። የጀመርኩትን መጨረስ ነበረብኝና ቀጠልኩ፤ «ነጠላውን ያለበስኩት እኔ ነኝ፣ ያነሣሁትም እኔ። እህቴ ናት። ነውር ከሆነ የእኔ ነውር ነው፤ ይህን ሰው ይተዉት። እህል ከቀመሰ ሰነበተ።»

አክስቴ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። ከበሩ በኩል አንዲት ሸምገል ያለች ሴት፣ ለማንም እንዳልተናገረች ሆና፣ «ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ» አለች። አክስቴ ሰምታለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ባጃጅ ስትጠራ በመስኮት አየኋት። ያልኩትን ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም። በአርባው መጥታ እሱን ስማ ሰላም አለችው፤ እኔን በሩቁ።

ሌሎቹ ሴቶች ግን አልሄዱም። መንገደኛ ናቸው፣ ደክሟቸዋል፣ ደግሞም አልቅሰዋል። አግዳሚው ላይ በተርታ ተቀመጡ፤ ያፈሰሱትን ጨው እየሰበሰቡ በፌስታል መለሱ። ውሃ ሰጠኋቸው። ያችው ሸምገል ያለችው ሴት ጠጥታ ጣሳውን መለሰችልኝና ወደ እሱ ዞረች።

«እኔስ ከልቤ ነው ያለቀስኩት፣ ልጄ። እንባዬን አልመልሰውም። ብቻ ያቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?»

መልስ አልጠበቅኩም። እሱም የሚመልስ አልመሰለኝም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማንም አልሞተባትም» አለ። ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር። «እናቷ መስላት ነው እንጂ እናቷ አይደለችም።»

«ውይ! እናቷስ?»

«እናቷ አለች። እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት።»

«እዚያው? ታውቃታለች?»

«ትጠረጥራለች። ልጅቱ በሕፃንነቷ ተሰርቃ ነው። የሰረቃት ደግሞ…» ቆመ። ሴቶቹን አያቸው፤ ሁሉም አንገታቸውን አስግገዋል። «ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም» አለና ወንበር ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠ።

ነገራቸው። እጁ ተንቀሳቀሰ፤ አንዴ ክፉው ወንድም ሆነ፣ አንዴ የታመመችው አሮጊት። ሴቶቹ «እግዜር ይይለት!» ሲሉ እሱ «ቆይ፣ ገና ነው» ይላል። አንዷ «ይኼስ የእኛን የቀበሌ ሊቀ መንበር ይመስላል» ብላ አሳቀቻቸው። እህቴ አብራው ስታይ የተናገረችበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ «እዚህ ላይ ባለቤቴ፣ ነርሷ ናት ብላ ነበር፤ እኔ አላመንኳትም፤ እሷ ናት ያወቀችው» አለ። ያኔ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ሴቶቹ «ነፍሷን ይማር» አሉ። ቀጠለ።

ጀምበር ሳትጠልቅ መንገዳቸው ሩቅ ነበርና ተነሡ። አንዷ ከፌስታሏ ዳቦ ቆርሳ እጁ ላይ አኖረችለት፤ እያወራ ስለነበር መያዙንም አላወቀም።

የቀረውን በሚቀጥሉት ቀናት ከሰዓት በኋላ እያየን ጨረስነው። ነጠላው አልተመለሰም። ሰው ቢሰማ ይስማ ብዬ ማዳመጫውን ተውነው፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርገን ነው። የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ የእህቴ ባል ሪሞቱን ይዞ ተቀመጠ። ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ እየወጣ አለቀ፤ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። እዚህ ላይ ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። እኔ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚባለውን አላውቅበትም።

«ያ ልጅ ግን ሥራ የለውም?» አልኩ።

«የቱ?»

«ያገባት። ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው።»

ዞሮ አየኝ። «እትዬ! ኩባንያ አለው እኮ! የአባቱ ኩባንያ!»

«ሲሠራ አላየሁትም።»

«እርስዎ መጀመሪያውን አላዩም! መጀመሪያ ላይ…»

«ከሠራ መጨረሻም ላይ ይሠራል።»

ተነሥቶ ቆመ። ኩባንያው እንዴት እንደተቋቋመ፣ ማን እንደከሰረ፣ ልጁ ስንት ሌሊት ቢሮ እንዳደረ ያስረዳኝ ጀመር። ምሳ አቀረብኩ። ከሌማቱ ፊት ተቀምጦ እንጀራ እየቆረሰ፣ እየጎረሰ፣ አፉ ሞልቶ ተከራከረኝ። እኔም አልተሸነፍኩለትም። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ያ ልጅ ሥራ ፈት ነው እንዳልኩ ጸናሁ፤ ባዶ ሲሆንም ጨመርኩለት።